መናገር ያቃታቸውን ማን ይሰማቸዋል? ምልክትና ሥዕል በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

በዛሬው ጽሑፋችን በዜና እምብዛም የማይነገር፣ በስብከትም ብዙ የማይወሳ፣ ነገር ግን በብዙ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ጉዳዩ በአንደበታቸው መናገር የማይችሉ ወይም የሚቸገሩ ወገኖቻችን ነው። እነዚህ ወገኖች በእጅ ምልክትና በሥዕል ከሰው ጋር ሊግባቡ እንደሚችሉ፣ ይህም ለጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ምን ትርጉም እንዳለው አብረን እንመልከት።

እስቲ አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ይህች እናት ለምሳሌ ያቀረብናት ናት እንጂ ስሟን ጠርተን የምናስተዋውቃችሁ ሰው አይደለችም። ሆኖም ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸውን እናቶች ትመስላለች። ከሚኤሶ አካባቢ የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ሽቅብ ወደ ጭሮ ትመጣለች። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ያለቅሳል፤ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። የጤና ባለሙያው መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎም በአማርኛ “ምኑን ነው የሚያመው?” ብሎ ይጠይቃል። እናቲቱም “እኔ ምን አውቄ፤ እሱ አይናገርም” ትላለች። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ልጁ ይነጋገራል፤ ከልጁ ጋር የሚነጋገር ግን የለም። ሆዱ ይዳሰሳል፣ ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሕመሙ ግን የነበረው ጆሮው ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ታሪኩን በሌላ መልኩ እንየው። እናቲቱ ቤት ውስጥ “ያመኛል” የሚለውን አንድ የእጅ ምልክት አስቀድማ አስለምዳው ቢሆንስ? በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ የሰው አካል የተሳለበት አንድ ካርቶን ቢኖርስ? ልጁ ጣቱን በጆሮው ሥዕል ላይ ያኖር ነበር። ካርቶኑ የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ለዚያ ልጅ እጅግ ትልቅ ነው።

እነዚህ ወገኖች እነማን ናቸው?

ብዙ ጊዜ “አይናገርም” ስንል ሁሉንም በአንድ ላይ እንጨምራቸዋለን። ነገር ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ወገኖች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ከልደት ጀምሮ፣ ወይም በልጅነት በማጅራት ገትርና ባልታከመ የጆሮ ሕመም ምክንያት መስማት ያቆሙ ናቸው። የእነዚህ አእምሮ ምንም አልጎደለበትም። የሚያስፈልጋቸው የተሟላ ቋንቋ ሲሆን፣ እርሱም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ቃላት በእጅ ሲቀዱ ማለት አይደለም። የራሱ ቃላት፣ የራሱም ሰዋስው አለው። ገና በጨቅላነቱ ይህን ቋንቋ ያገኘ ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ይማራል፣ ይቀልዳል፣ ይጠይቃል። ሳያገኘው ያደገ ልጅ ግን ያለ ቋንቋ ያድጋል፤ ከመስማት ችግሩ ይልቅ የሚጎዳውም ይህ ነው።

ሁለተኛዎቹ ይሰማሉ፤ መናገር ግን ያስቸግራቸዋል። ከእነዚህም መካከል ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ይገኛሉ። ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱም አሉ። ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ ቃል የጠፋባቸው አባቶችና እናቶችም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራሉ። ለእነዚህ ጥቂት ቁልፍ ምልክቶችና ሥዕሎች ከንግግር ጋር አብረው ሲቀርቡላቸው ለመግባባት ትልቅ እገዛ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ቃላቶቻችንን ብንመረምር መልካም ነው። በአማርኛ “ደንቆሮ” የሚለው ቃል መስማት ለተሳነው ሰው ይነገር የነበረ ሲሆን ዛሬ ግን ስድብ ነው፤ አላዋቂና ሞኝ ማለት ሆኗል። “ዱዳ” የሚለውም እንዲሁ። በጭሮ ገበያ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተውላላችሁ። በአፋን ኦሮሞ “ዱዳ” ሲባል የማይሰማ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን የማይናገር ማለት ነው። አንዱ ቃል በአንደኛው ቋንቋ ስለ ጆሮ፣ በሌላኛው ስለ ምላስ ይናገራል። ይህ የሚያሳየን ጆሮን፣ ምላስንና አእምሮን ለይተን ሳናይ ቀርተን፣ የማይሰማውን “አይናገርም”፣ የማይናገረውን ደግሞ “አያስብም” ስንል መኖራችንን ነው።

ቁጥሩስ ምን ይላል? በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ መካከል አካል ጉዳት ያለበት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አስመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደግሞ ከመቶ 16 ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገልጿል። የአቆጣጠር ስልቱ መለያየቱ ለልዩነቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ ጓዳ ውስጥ ያለው ልጅ ሳይጠራ መቅረቱ ነው። ራሱ ወጥቶ “እኔም አለሁ” ማለት ደግሞ አይችልም።

ዘዴው ከየት መጣ?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማርጋሬት ዎከር የተባለች የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ከሚኖሩ፣ መስማት ከተሳናቸውና የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው አዋቂዎች ጋር ትሠራ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የምልክት ቋንቋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስተማር ከባድ ሆነ። ስለዚህ ለዕለት ኑሮ እጅግ የሚያስፈልጉትን ቃላት መርጣ የእነርሱን ምልክት ብቻ ማስተማር ጀመረች። ተናጋሪው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአፉ ይናገራል፤ በእጁ ግን ቁልፍ የሆነውን ቃል ብቻ ያሳያል። “አሁን ውሃ እንጠጣ” ሲል “ውሃ” እና “መጠጣት” የሚሉትን ብቻ በምልክት ያሳያል ማለት ነው። ዘዴው ማካተን ተባለ። ስሙም ከእርሷና አብረዋት ከሠሩት ከካቲና ከቶኒ ስሞች የመጀመሪያ ድምፆች የተወሰደ ነው። ኋላም ከምልክቶቹ ጋር የሚሄዱ ቀላል ሥዕሎች ተጨመሩበት። ልብ በሉ፤ ማካተን ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የእንግሊዝን ምልክት ይዞ አይሄድም። በዚያ አገር መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበትን ምልክት ይወስዳል እንጂ። ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ምልክቱን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለን።

የሥዕሉም ታሪክ የሚያስገርም ነው። ቻርልስ ብሊስ የተባለ አይሁዳዊ የናዚ ማጎሪያ ካምፖችን አልፎ በስደት ወደ ሻንጋይ ደረሰ። እዚያም የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ቻይናውያን በአንድ ጽሕፈት ሲግባቡ አየ። ከዚህም ተነስቶ ለዓለም ሁሉ የሚሆን የምልክት ጽሕፈት ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1949 አሳተመው። ሐሳቡ ሕዝቦች ተግባብተው ጦርነት እንዲቀር ነበር። ለዚያ ዓላማ የተጠቀመበት ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1971 በካናዳ፣ ቶሮንቶ የሚገኙ አስተማሪዎች ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸውና መናገር ለማይችሉ ልጆች ተጠቀሙበት። ልጆቹም በሰሌዳ ላይ ወዳሉት ምልክቶች እያመለከቱ ሐሳባቸውን መግለጽ ጀመሩ። ዛሬ በስፔን የአራጎን መንግሥት ያዘጋጃቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ለትርፍ ላልሆነ አገልግሎት በነጻ ይገኛሉ። ስልክ ያለው ሰው አውርዶ ማተም ይችላል። ማተሚያ የሌለውም በእስክሪብቶ መሳል ይችላል።

“ምልክት ከለመደ መናገሩን ይተዋል”

ብዙ ወላጆች የሚሰጉት ይህንን ነው። ስጋታቸውም ከፍቅር የመነጨ ነውና ልናቃልለው አይገባም። ነገር ግን ማስረጃው ስጋቱን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ምልክትና ሥዕል መጠቀም በንግግር ላይ ያመጣውን ለውጥ መርምሮ ነበር። ጠንካራ ማስረጃ ከቀረበላቸው 27 ሰዎች መካከል የአንዱም ንግግር አልቀነሰም። ጥቂቶቹ ባሉበት ሲቆዩ፣ አብዛኞቹ ግን በንግግራቸው መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል።

ምክንያቱም አስቸጋሪ አይደለም። ሕፃን ሁሉ ከመናገሩ በፊት ይጠቁማል፣ እጁን ዘርግቶ “እቀፉኝ” ይላል፣ ራሱን ነቅንቆ እምቢ ይላል። ምልክት ወደ ንግግር የሚያሻግር ድልድይ ነው። መሻገር የማይችለውም ቢሆን ያለ መግባቢያ አይቀርም። ሐሳቡን መግለጽ ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቅሶው፣ መንከሱና ራሱን መጉዳቱ ይቀንሳል። ቀድሞም እነዚያ ነገሮች ሰሚ ያጣ ንግግር ነበሩና።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ምልክቱ የልጁ የራሱ መሆን አለበት። አንድ ትልቅ ሰው የልጁን እጅ ይዞ ፊደል ወይም ሥዕል ላይ እየመራ “ይህን አለ” የሚልበት አሠራር በሌላው ዓለም ተሞክሮ፣ ሲመረመር የሚናገረው ልጁ ሳይሆን እጁን የያዘው ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ እናሳየው፣ እንጠብቀው፤ በእርሱ ቦታ ግን አንናገር።

አገራችን ምን ሠርታለች?

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በሆሳዕና ከተማ መስማት ለተሳናቸው አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋመች። መስማት የተሳናቸው ዜጎች ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሥርተው ለቋንቋቸው ሲሟገቱ ኖረዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀመረ።

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ፈር ቀዳጅ ናቸው። የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በጥቂት ልጆች ጀመሩ። የአማርኛን ፊደል ድምፅ መሠረት ያደረገ፣ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም በአደባባይ የሰበሩት ዝምታ ተመልሶ አልተጠገነም። ነህምያ የተባለው የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ተነሳሽነት የተቋቋመ ነው።

ከሕክምና ባለሙያ እጥረት አንጻር ተስፋ የሚሰጥ ሌላ ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሥልጠናው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ዋና ሐሳቡ ልዩ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ወላጆችን ሊያሠለጥን ይችላል የሚል ነው። ወላጅም በጨዋታ፣ በምግብ ሰዓት፣ ልብስ ሲያለብስ ልጁን መግባባት ያስተምረዋል።

ሕጉስ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ስምምነቱ “ቋንቋ” ሲል የምልክት ቋንቋን ይጨምራል፤ “መግባባት” ሲልም ብሬልን፣ በመዳሰስ መግባባትን፣ ሌሎች አጋዥና አማራጭ ዘዴዎችንም ያጠቃልላል። በአንቀጽ 21 ሰዎች በመንግሥት ቢሮ ጉዳያቸውን በእነዚህ ዘዴዎች እንዲያቀርቡ መፍቀድና ማመቻቸት እንደሚገባ ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ ስምምነቱ ከጸደቀ ከ15 ዓመት በላይ አልፏል። በሥዕል መጠየቅ፣ በምልክት መመለስ ሕጋዊ መብት ነው ማለት ነው፤ የቢሮው ባለሙያ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም።

ስለ ጭሮ መናገር ለምን አስፈለገ?

እስካሁን የጠቀስናቸው ተቋማት ከጭሮ ሩቅ መሆናቸውን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ጭሮ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሂርና፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ ወይም ከመቻራ የሚነሳ ቤተሰብ የሚናገር ልጅ እንኳ ይዞ አዲስ አበባ መመላለስ ይከብደዋል። ስለዚህ “ማዕከል ይከፈትልን” ከማለት በፊት በቤትና በአካባቢ ሊጀመር የሚችለውን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋ ጉዳይ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ሕፃኑ በቤቱ ኦሮምኛ፣ በሱቅ አማርኛ፣ ወደ ሚኤሶ ዝቅ ሲል ሶማሊኛ ይሰማል። ትምህርት ቤት ሲገባ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ ደግሞ በፊደል ይጻፋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ለፊደላችን የጣት አጻጻፍ አለው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያሳይ፣ የእጁ አቅጣጫና እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን አናባቢ ያሳያል። ቁቤ ግን በላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ የላቲኑን የጣት ፊደል ይፈልጋል። በኦሮሚያ ለሚያስተምር የምልክት ቋንቋ መምህር ሁለቱንም ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በሌላ በኩል ግን ምልክትና ሥዕል ለዚህ አካባቢ ልዩ በረከት ነው። የ“ውሃ” ሥዕል በሦስቱም ቋንቋ ውሃ ነው። “ያመኛል” የሚለውን የእጅ ምልክት ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ነርስም፣ አማርኛ ተናጋሪው ባለመድኃኒትም፣ ሶማሊኛ ተናጋሪው ጎረቤትም እኩል ሊለምዱት ይችላሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ያለፈው መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ፣ ብዙዎች በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ተጠልለው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስሙንና የወላጁን ስም መናገር የማይችል ልጅ በሰው መካከል ሳለ ይጠፋል። በደል የደረሰባት፣ ነገር ግን ማን እንዳደረሰባት መናገር የማትችል ልጃገረድ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። በዳይ የማይናገረውን ይመርጣልና። በምልክትና በሥዕል ሰውን መጠቆም፣ “አይሆንም” ማለት፣ “ጎዳኝ” ማለት የቻለች ልጅ አንድ መከላከያ አገኘች ማለት ነው።

ደግሞም በእጅ መናገር ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በሶማሌ የግመልና የከብት ገበያዎች ደላሎች በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በጣት ንክኪ ብቻ፣ ሌላው ሰው ሳይሰማ ዋጋ ይጨርሳሉ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫም ማንበብ የማይችለው ገበሬ ንብን ወይም ሁለት ጣትን አይቶ ድምፁን ሰጥቷል፤ “ማንበብ ካልቻልክ ሐሳብ የለህም” ያለው አልነበረም። ታዲያ ለገንዘብና ለሥልጣን ሲሆን ምልክት የገባን፣ ለልጆቻችን ሲሆን እንዴት ጠፋብን?

ቤተ ክርስቲያንና የማይናገረው ወንድም

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የማይናገር ልጅ ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅ ጭኖ መጸለይ። መጸለይ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር እንደሚፈውስም እናምናለን። ነገር ግን ልጁ ሳይናገር ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እናደርጋለን? አንዳንዶች “መንፈስ ነው” ብለው ልጁን ደጋግመው ያንገላቱታል። አንዳንዶች ደግሞ የእናቲቱን እምነት ይጠራጠራሉ። እናቲቱም አፍራ ከቤት መውጣት ትተዋለች።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቁጥር 31 ጀምሮ ያለውን ታሪክ አስተውላችሁ አንብቡት። መስማት የተሳነውንና ንግግር የሚከብደውን ሰው ወደ ጌታ ሲያመጡት፣ ጌታ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ከዚያም ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፣ ምላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይም ተመለከተ። ቃሉን የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውዬው በዚያች ሰዓት ድምፅ አይሰማም። ታዲያ ሊደረግለት ያለውን በምን ያውቅ ነበር? በሚያየውና በሚዳስሰው ነው። ጌታ ፈውሱን ከመስጠቱ በፊት ሰውዬው በሚገባው መንገድ አነጋገረው። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይም ካህኑ ዘካርያስ ድዳ በሆነ ጊዜ፣ ዘመዶቹ የሕፃኑን ስም በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም መጻፊያ ለምኖ ጻፈላቸው። ስለ ልጁ ስም የአባቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ አልታለፈም። መናገር አለመቻሉ አባትነቱን አላሳጣውም።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ምስክር ነው። አንድሩ ፎስተር የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ11 ዓመቱ በማጅራት ገትር መስማት አቆመ። ከጋላውዴት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመረቅ በዚያ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነበር። ከዚያም ሚሲዮናዊ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1957 በአክራ ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሩዋንዳ በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ በአፍሪካ ከ30 በላይ መስማት ለተሳናቸው የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ምክንያት ሆነ። ይህን ሁሉ የሠራው ጆሮው ተከፍቶለት አይደለም። በእጁ እየተናገረ ነው።

ምን እናድርግ?

ነገሩ የሚጀመረው በትንሹ ነው። በመጀመሪያ ለቤተሰብ፦ ልጁ በየቀኑ የሚፈልጋቸውን አምስት ወይም አሥር ቃላት ምረጡ። ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ ያመኛል፣ ጨምርልኝ፣ በቃኝ፣ አዎ፣ አይደለም የሚሉት መልካም መነሻ ናቸው። ለእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ምልክቱን መስማት ከተሳነው ሰው ወይም ከመምህር ተማሩ። ቃሉን በአፋችሁ እየተናገራችሁ ምልክቱን አሳዩ። ከዚያም ጠብቁ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ልጁ እጁን አስተካክሎ ባያሳይ እንኳ ሙከራውን ተቀብላችሁ ውሃውን ስጡት። አያቱም፣ ወንድሙም፣ ሠራተኛዋም አንዱን ምልክት ይጠቀሙ። ለውጡ በሳምንት ላይታይ ይችላል፤ የሚናገር ልጅም ቢሆን የመጀመሪያ ቃሉን እስኪያወጣ አንድ ዓመት ያህል ሲሰማ መቆየቱን አስታውሱ። ልጁ የማይሰማ ከሆነ ግን በአሥር ቃላት አትወሰኑ። ሙሉ ቋንቋ ያስፈልገዋልና የሚያስተምረውን ፈልጉ፤ እናንተም አብራችሁ ተማሩ።

ለጤና ባለሙያዎች፦ የሰው አካል ሥዕል፣ ከሳቀ ፊት እስከሚያለቅስ ፊት ያሉ የሕመም መለኪያ ሥዕሎች፣ የመድኃኒት ሰዓት የሚያሳዩ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕሎች በአንድ ካርቶን ላይ ይበቃሉ። ይህ ካርቶን ስትሮክ ላገኛቸው አዛውንትና ቋንቋችሁን ለማይናገር በሽተኛም ያገለግላል። አስታማሚውን ከመጠየቃችሁ በፊት በሽተኛውን ጠይቁ።

ለመምህራን፦ የዕለቱን ፕሮግራም በሥዕል ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ለአንድ ልጅ ብላችሁ የሰቀላችሁት ለሌሎቹም ይጠቅማል። በጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹና መምህራኑ በአካባቢው ያሉ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን ምልክቶች ቢሰበስቡ፣ የሥዕል ሰሌዳዎችንም በሦስቱ ቋንቋዎች ቢያዘጋጁ ለዞኑ ሁሉ የሚሆን ሥራ ይሆናል።

ለአብያተ ክርስቲያናት፦ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች መዝሙሩን በምልክት ለሁሉም ልጆች ያስተምሩ፤ ያን ጊዜ የማይናገረው ልጅ ከዘማሪዎቹ አንዱ ይሆናል። ወጣቶች የምልክት ቋንቋ ይማሩ። የተማሩትንም በጉባኤ ብቻ አይወስኑት። የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የማይናገር ልጅ ችግር ግን የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ አይከፈልም። በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ሆኖ ለጎረቤቱ በምልክት የሚያስተረጉም ወጣት ለጎረቤቱ ፍቅሩን በተግባር ያሳያል።

ውድ አንባቢያን፣ አሰበ ተፈሪ በጥንቱ ጊዜ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌሎች ከተሞች አርአያ እንድትሆን ያነጿት ከተማ ናት። ዛሬም በዚህ ጉዳይ አርአያ ትሆን ዘንድ ትልቅ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልጋትም። በመጀመሪያው ታሪካችን ያየነው ልጅ ከእናቱ ጋር ሽቅብ ወደ ጭሮ ሲመጣ፣ “አይናገርም” በሚሉት ፈንታ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን የሚያሳየውና መልሱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ያግኝ። ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በዚህ ሳምንት በምታውቁት አንድ ቤት ውስጥ አንድ ምልክት አስተምሩ፤ ቤቱ የእናንተው ቢሆንም።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።